ያልተጻፉት አሥራ አንድ ቤቶች

ረቡዕ ጠዋት ነበር። ወንድሜ ደምሴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር ያጠብቃል። እናቴ በሶ በትንሽ ስልቻ ትቋጥርለታለች። ጭጋጉ ከቆላው ገደል ተነሥቶ ግቢያችን ድረስ ገብቷል። አጥሩ ይታያል፤ ከአጥሩ ወዲያ ዓለም የለም። በዚያ ጠዋት ልዩ ነገር ፈልጌ ብዙ ጊዜ ተመልሼበታለሁ። ምንም የለውም። እንደ ማንኛውም ጠዋት ነበር።

"እማዬ፣ ከመሄዴ በፊት አንዷን ጥያቄ ብቻ መልሺልኝ" አለ ደምሴ።

"የመለስኩልህ ይበቃል።"

"አንዷን። ሌላውን ሁሉ ጽፌዋለሁ። ስንት ወለድሽ? ከእነሱ ስንቱ አለ? ይኸው ነው።"

"እግዜር የሰጠኝን ያህል። እንዲያ ብለህ ጻፍ።"

"እንዲያ ብዬ የምጽፍበት ቦታ የለውም። ቁጥር ነው የሚጠይቀው።"

"እንግዲያው ባዶውን ይደር" አለችና ስልቻውን አቀበለችው። "ጾም ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እንዳትነካው።"

ደምሴ ሳቀ። ሲጽፍ የኮፒ እርሳሱን በምላሱ የማርጠብ ልማድ ነበረው፤ ስለዚህ ሲስቅ አፉ ሐምራዊ ነው። የሸራ ቦርሳውን አነገተና ወደ እኔ ዞረ።

"ታምሩ፣ እስክመለስ ለምናት። ቅዳሜ ሰውዬው ይመጣል።"

"እሺ ጋሼ።"

"ነገ ማታ እዚህ ነኝ።"

ቁልቁለቱን ያዘ። እኔ ደብተሬን ይዤ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ዞሬ አላየሁትም። ለምን ልዙር?

*

መንደራችን ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ናት። አባቴ የደብራችን ቄስ ነው። ደምሴ የበኩር ልጅ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ደብረ ብርሃን ሲማር ቆይቶ ዐሥረኛን ጨርሷል። እኔ ዐሥራ ሦስት። ታናሻችን አስካለ አምስት።

በዚያ ዓመት መንግሥት የአገሩ ሰው ስንት እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። እስከዚያ የሚያውቅ አልነበረም። ለኔ ይህ ያስደነቀኝ ነገር ነበር፤ ንጉሡ ሁላችንንም በስም የሚያውቁን ይመስለኝ ነበርና። ደብረ ብርሃን ላይ የተማሩ ልጆች ለቆጣሪነት ተቀጠሩ። ለደምሴ የእኛ ደብርና ከገደሉ በታች ያሉት መንደሮች ደረሱት። ቦርሳ፣ የታተሙ ወረቀቶች፣ ኮፒ እርሳስና አንድ ሳጥን ጠመኔ ተሰጠው። ወረቀቱ አዲስ አዲስ ይሸታል፤ እንደ ጋዝና እንደ ሙጫ ያለ ሽታ። ደምሴ ሳያየኝ አፍንጫዬን ቦርሳው ውስጥ እከት ነበር።

የበላዩ የሆነ ተቆጣጣሪም ነበር። ቀጭን፣ ኮት የለበሰ ሰው። በበቅሎ መጥቶ ደጃችን ላይ ሳይወርድ የተናገረውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። "ደምሴ፣ ከአንድ ደብር አንድ ቤት ቢጎድል ጥቅሉን በሙሉ እሰርዘዋለሁ። ሌላ ሰው ከመጀመሪያው ይቆጥራል። ቅዳሜ እኩለ ቀን።" ከዚያ በኋላ በቤታችን ስሙ "ሰውዬው" ሆነ።

ደምሴ ሥራውን የጀመረው ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ጥዱ ዛፍ ሥር ወንዶቹን ሰብስቦ ነው። የሚቆጠረው የኪዳነ ምሕረት ሌሊት በሕይወት የነበረ ሰው ሁሉ ነው አላቸው። ዓመተ ምሕረቱንና ቀኑን ለማያስታውስ ሰው የክብረ በዓል ሌሊት ይቀላል።

ጎረቤታችን አያ ሽፈራው እጁን አወጣ። መንደሩ ሁሉ እሱ ሲናገር ለመሳቅ ይዘጋጃል።

"ፍየሎቼስ? እነሱም እኮ በዚያ ሌሊት ነበሩ።"

"ፍየል አይጻፍም፣ አያ ሽፈራው።"

"ከሚስቴ ይልቅ እነሱ ይታዘዙኛል።"

ሳቁ ሲበርድ ጠየቀ፤ አሁን ቀልዱን ትቶ። "አክስቴ ኪዳነ ምሕረት አልፎ በአራተኛው ቀን ዐረፈች። እሷስ?"

"ትጻፋለች" አለ ደምሴ። "ያን ሌሊት ነበረች።"

"የሞተች ሴት?"

"የነበረች ሴት።"

አባቴ በመቋሚያው ላይ ተደግፎ ያዳምጥ ነበር። "ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር መቅሠፍት ወረደ" አለ፣ ማንንም ሳያይ።

"ሙሴም ቆጥሯል፣ አባዬ። እግዚአብሔር አዝዞት። መጽሐፉም ዘኍልቍ ተባለ።"

አባቴ ጢሙ ሥር ፈገግ ሲል አየሁት። ልጁ ከመጽሐፍ ስለረታው ደስ ብሎታል። ከዚያ ቀን በኋላ መቁጠሩን አልከለከለም፤ አላበረታታምም።

*

ደምሴ አንድ ቤት ጽፎ ሲጨርስ በሩ ላይ በጠመኔ ቁጥር ያደርጋል። እኔ ያን ምልክት በሌላ ተረዳሁት። የቄስ ልጅ ነኝ፤ የግብፅን ነገር ሰምቼ ነው ያደግሁት። በሩ ላይ ደም የተቀባውን ቤት መልአኩ ያልፈዋል፤ ያልተቀባው ቤት ግን በኩሩ ይሞታል። እንግዲህ ንጉሡ በደም ፋንታ ጠመኔ ላኩ ብዬ ደመደምኩ። ማንንም አልጠየቅሁም። ስለዚህ በመንደሩ በሮች ላይ ቁጥሩ እየበዛ ሲሄድ፣ የእኛ በር ባዶ ሲቀር፣ እኔን ብቻ የሚያስፈራኝ ነገር መጣ። በኩሩ ደምሴ ነው።

አንድ ቀን ከሳጥኑ ጠመኔ ሰርቄ በራችን ላይ ራሴ ጻፍኩ። የማይታወቅ ቁጥር ነው፤ ትልቅ እንዲሆን ብቻ አሰብኩ። እናቴ ከምንጭ ስትመለስ አየችው። እንስራዋን ሳታወርድ በነጠላዋ ጫፍ አጠፋችው።

"ማን ነው?"

"እኔ።"

"ቤቴ በግ አይደለም ምልክት የሚደረግበት።"

እናቴ ስንት ልጅ እንዳላት ለማንም አትናገርም። በአገራችን ብዙ ሴት እንዲያ ናት፤ ልጅ ቆጥረው አይናገሩም፣ ግድ ከሆነ አንዱን ይደብቃሉ። እሷ ግን ባሰች። እኔን ከጎኗ አቁማ እንኳ "ልጅሽ ነው?" ሲሏት "የእመቤቴ ነው" ትላለች። ይህ ነገር የመንደሩን ሥራ ያዘው። ሌሎቹ ቤቶች ተጽፈው አልቀው አሥራ አንድ ቤት ቀረ፤ የእኛን ጨምሮ። ዐሥሩ ቤት ሴቶቹ አንድ ቃል ነው የያዙት። "የቄሱ ሚስት ያልተናገረችውን እኛ ምን ብለን?"

አያ ሽፈራው ከዐሥሩ አንዱ ነበር፤ ሚስቱ እምቢ ብላ። ደምሴን ባየው ቁጥር ይጣራል። "እንዴት ነህ፣ አህዮቹን ሲቆጥር የተቀመጠባትን የረሳው!"

ደምሴ ግን ተስፋ አልቆረጠም። አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ የበግ ጠጉር ስትፈትል ጠጋ ብሎ ተቀመጠ። በጨዋታ ሊያስገባት ነው።

"እማዬ፣ ስንት ዓመትሽ ነው?"

"አሮጊት ነኝ።"

"ጣልያን ሲገባ ምን ታስታውሻለሽ?"

"የፊት ጥርሶቼ ወላልቀው ነበር። ዋሻ ውስጥ ተደብቀን ቆሎ ሰጥተውኝ መቆርጠም አቅቶኝ አለቀስኩ።" ሳቀች። "አባቴ እያኘከ ሰጠኝ።"

ደምሴ በጣቱ አሰላ። ወረቀቱ ላይ ሊጽፍ ሲል እጁ ቆመ።

"ሠላሳ ስድስት" አለ።

"ምኑ?"

"ዕድሜሽ። ሠላሳ ስድስት ዓመትሽ ነው።"

እናቴ እንዝርቷን አቆመች። እኔ አላመንኩም። ለኔ እናቴ ከጥዱ ዛፍ ጋር እኩያ ነበረች። እጇን አየሁት፤ ተሰነጣጥቋል። ከደብረ ብርሃን የመጣችው አስተማሪያችን ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እሷ ግን ገመድ ትዘላለች።

"እኔን ስትወልጂ ታዲያ ዐሥራ ሰባት ነበርሽ" አለ ደምሴ። "እኔ የመጀመሪያሽ ነኝ?"

እንዝርቱ መዞር ጀመረ። "ሂድና ውሃ አምጣ" አለችው።

*

ሐሙስ ማታ አልመጣም። አርብ ጎሕ ሲቀድ በቅሎ ስታስነጥስ ሰማን።

ሐጂ አብደላ የአልዩ አምባ ነጋዴ ናቸው፤ ደምሴ ቆላ ሲወርድ የሚያድረው እሳቸው ዘንድ ነው። ሁለት ሰዎች አስከትለው መጥተዋል። በቅሎዋ ላይ በነጭ ኩታ የተጠቀለለ ነገር አለ። ኩታው የሳቸው የራሳቸው ነበር፤ እሳቸው በብርዱ በቀሚስ ብቻ ናቸው። ይህን ያየሁት አስቀድሜ ነው። ሌላውን ለማየት አልፈለግሁም መሰለኝ።

"ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ። አባቴ ቃሉን ባያውቀውም ገባው። ተንበረከከ።

"ውሃው ከላይ ነው የመጣው፣ አባ" አሉ ሐጂ። "እኛ ዘንድ ጠብ አላለም። ደጋው ዘንቦ ኖሮ ደራሽ ሆኖ ወረደ። እደር አልኩት። ሦስቴ እደር አልኩት፣ ወላሂ። 'ቅዳሜ ይደርስብኛል' አለኝ። ልሸኘው አብሬው ወጣሁ። ወንዙን እናልፋለን ስንል ቦርሳውን አውልቆ ለኔ ሰጠኝ። 'በቅሎዋ ላይ ነዎት፣ ይህን ያሳልፉልኝ፣ እኔ እከተላለሁ' አለ። እኔ ተሻገርኩ።"

ቦርሳውን ከትከሻቸው አውርደው ለእናቴ ዘረጉላት። እጇን በሸራው ላይ አሳለፈችው።

"አልረጠበም" አለች። ደግማ ዳሰሰችው። "አልረጠበም።"

ጩኸቷ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚያው ቀን ቀበርነው። ሐጂ አብደላ ከቅጥሩ ውጪ ቆመው እስኪያልቅ ጠበቁ። ከኋላዬ ሰዎች ሲያወሩ እሰማለሁ። "መቁጠሩ ነው የበላው።" "አባቱ ተናግሮ ነበር፣ በዳዊት ዘመን የሆነውን።" እኔ ደግሞ የራሴ ነበረኝ። በራችን ባዶ ስለሆነ ነው፣ እናቴ ስላጠፋችው ነው፣ እያልኩ ነበር። እንባ አልመጣልኝም። እናቴን ሳያት አፌ ይመርረኛል። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን እንዲያ ነበር።

ከቀብር ስንመለስ አባቴ ቦርሳውን አየው። "ያንን ከዓይኔ አርቅልኝ" አለኝ። "ነገ ሰውዬው ሲመጣ ይዞት ይሂድ።"

ወደ ጓዳ ወስጄ ከፈትኩት። የቆላው ወረቀቶች ተሞልተው አልቀዋል፤ በዚያ በተዘመመ ጽሕፈቱ፣ አንድም ስርዝ የለው። ከላይ አሥራ አንዱ ናቸው። የእኛ ቤት የመጀመሪያው ነው። የአባቴ ስም። እናቴ፣ ሠላሳ ስድስት። ከሥሯ ደምሴ፣ ዐሥራ ዘጠኝ፤ ሥራ ከሚለው ላይ "ቆጣሪ" ብሎ ራሱን ጽፏል። እኔ። አስካለ። በእናቴ መስመር ላይ ሁለት ባዶ ቦታ ብቻ።

ሁለት ባዶ ቦታ፤ ዐሥር ያልተጻፈ ቤት። ለዚህ ሰውዬው ሁሉንም ሊሰርዘው ነው። ገደሉን ስንት ጊዜ ወርዶ ወጣ? የአያ ሽፈራውን አክስት እንኳ ጽፏታል፤ ዘመዶቿ በሚኖሩበት ቤት ወረቀት ላይ አየኋት። እሷም ልትሰረዝ ነው። አይሆንም አልኩ። ጮክ ብዬ መሰለኝ ያልኩት፣ አስካለ ብቅ ብላ አየችኝ።

*

በማግስቱ ጠዋት፣ ቅዳሜ፣ ፊቴን ታጥቤ ቦርሳውን አነገትኩ። ሲረዝምብኝ ማንገቻውን ቋጠርኩት።

ለቀስተኛው ደጅ ተቀምጧል። ወንዶቹ ባንድ ወገን፣ ሴቶቹ ባንድ ወገን። ዐሥሩም ቤት እዚያ ነበር፤ ለቅሶ ነውና ማንም አልቀረም። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፊቷ ተነጭቶ፣ መሬት ላይ ነበረች። ከፊቷ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ደብተሬ ላይ ዘረጋሁ።

"ታምሩ" አለ አባቴ። "ምን እያደረግህ ነው?"

"ሰውዬው እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል፣ አባዬ።"

"ይድረስ።"

"ካልሞላ ይሰርዘዋል። ጋሼ የጻፈውን በሙሉ።"

"ኧረ አፈሩ ሳይደርቅ!" አለች አንዲት ሴት።

"ልጁን ሐዘን አናውዞታል፤ አንሡት" አለ አያ ሽፈራው። ተነሥቶ ክንዴን ያዘኝ። አልተነሣሁም። እሱም አልጎተተኝም።

"እማዬ" አልኩ። "ስንት ወለድሽ?"

ቀና ብላ አየችኝ።

"አንተም?"

"እኔም።"

"ቆጥሬ አውቃለሁ እኮ" አለች። ለኔ ነው የምትናገረው፤ ሰው ሁሉ ግን ይሰማል። "አንድ ጊዜ ቆጥሬ ነበር። አንተን አዝዬህ ነበር። ገበያ መንገድ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት 'ስንት አሉሽ?' ብትለኝ ኩራት ያዘኝ። 'አራት' አልኳት። እንዲህ ጣቴን ዘርግቼ። ፋሲካ ሳይደርስ ኩፍኝ ገባ። በላይነህና ዘነበች። ባንድ ሳምንት።"

እነዚህን ስሞች የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ወንድምና እህት ነበረኝ።

"ከዚያ ወዲያ አልቆጠርኩም" አለች። "ለማንም። አፌን ዘግቼ ያዝኩት፣ ደምሴን። ዘግቼም ሄደ።"

የጠመኔው ነገር ከውስጤ የወጣው እዚያ ላይ ነው። እሷ ሳትቆጥረው ሞተ፤ መንደሩ 'ስለቆጠረ ሞተ' ይላል፤ እኔ በሩ ባዶ ስለሆነ እላለሁ። ውሃው ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። ወርዶ ነበር፣ ደምሴም ቸኩሎ ነበር።

"ሰባት" አለች እናቴ። "ሁለቱ ክርስትና ሳይነሡ የሄዱ ናቸው፤ አንዱ ከደምሴ በፊት፣ አንዱ ካንተ በኋላ። ሰባት ወለድኩ። ጻፍ።"

ጻፍኩ። "ከእነሱ በሕይወት ያለ?"

"ሁለት።"

"የኪዳነ ምሕረት ሌሊት የነበረ ነው፣ እማዬ።"

ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ከወንዶቹ ወገን አባቴ ተናገረ።

"ሦስት" አለ። "ያን ሌሊት ሦስት ነበሩ።"

ሦስት ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሞላ።

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ሴቶቹ ዞረች። "ከኔ ቀጥሎ ያልተጻፈ ማን ነው?"

ከዚያ አያ ሽፈራው ክንዴን ለቀቀና አጠገቤ ተቀመጠ። "ቤቴን ታውቀዋለህ" አለኝ፣ ቀስ ብሎ። "ግን ጠይቀኝ። እሱ እንደሚጠይቀው አድርገህ።" ሚስቱን ጠራት። መጣች።

አንድ በአንድ መጡ። ዕድሜ ሲጠፋባቸው አባቴ በነገሥታትና በኅዳር በሽታ እያሰላ ነገረኝ። ሴቶቹ ወደ ሁለቱ ጥያቄ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እኔም ዝቅ አደርጋለሁ። ስምንት፤ ያለው ሦስት። ስድስት፤ ያለው አንድ። የመንደሬን ልጆች ሁሉ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። በዚያች ጠዋት ግን ከምናውቃቸው የማናውቃቸው በዙ።

የመጨረሻዋ እትዬ ብዙነሽ ነበሩ። ባላቸው ከወንዶቹ ጋር ተቀምጠዋል። ልጅ የላቸውም፤ መንደሩ መካን ነው የሚላቸው። በሠርግ ቀን ሙሽራዋን ሌሎች ሴቶች ሲከቧት እሳቸው ራቅ ብለው ይቆማሉ፤ እንዲርቁ የሚነግራቸው አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ ሳልጠይቅ እርሳሴ ወረቀቱ ላይ ነበር። ዜሮውን ጽፌዋለሁ።

ግን ጠየቅሁ። ደምሴ ሁሉንም ይጠይቅ ነበር።

"የወለዱት ስንት ነው፣ እትዬ?"

"አምስት" አሉ።

ባላቸው ቀና አሉ።

"መዘዞ ሳለሁ፣ በፊተኛው ባሌ" አሉ እትዬ ብዙነሽ። የሚናገሩት ለባላቸውም አይደለም፣ ለማንም አይደለም። "አንዱም አርባ ቀን አልሞላ። እዚህ ከመጣሁ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም።"

ኮፒ እርሳስ አይፋቅም። ዜሮውን በአንድ መስመር ሰረዝኩትና ከላዩ አምስት ጻፍኩ፤ በዚያ ጥቅል ውስጥ ያለው ስርዝ ያ ብቻ ነው። ከአጠገቡ በሕይወት ያለ ከሚለው ላይ ዜሮ ጻፍኩ።

እትዬ ብዙነሽ ጎንበስ ብለው ወረቀቱን አዩት። ማንበብ አይችሉም።

"የቱ ነው የኔ?" አሉኝ።

በጣቴ አሳየኋቸው።